ውሻዬ አማርኛ አይገባውም ብዬ ጽፌ ነበር

የውይይት ክሩን፣ ማለትም ጽሑፉንና ከሥሩ የተደረደሩትን መልሶች፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ተናድጄ፣ ብዙም ሳላስብ ነው የለጠፍኩት። ቦቢ የሚባል የሰባት ወር ውሻ አለን። የሀበሻ ውሻ ነው፤ አንድ ጆሮው ይቆማል፣ አንዱ ይታጠፋል። ገርጂ፣ ግቢያችን ውስጥ ነው የሚኖረው። እናቴ ሳሎን አይገባም ትላለች። ይገባል። እኔ አምስት ጊዜ ተቀመጥ ስለው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየኛል። ወንድሜ አንዴ ሲት ሲለው ቂጡ መሬት ይነካል። ከዚህ ተነስቼ አማርኛ ለውሻ እንደማይሆን፣ ሁላችንም በእንግሊዝኛ ብናዝ እንደሚሻል ጻፍኩና የሌሎችን ሐሳብ ጠየቅሁ።

እስካሁን አርባ አንድ መልስ ደረሰ። የተሰዳደቡ አሉ። ሁለት ሰው ጥለው ወጥተዋል። እኔን ግን ጠቅሞኛል፤ ሙሉውን የማንበብ ትዕግስት ለሌለው ሰው ልተርከው።

1ኛው መልስ ሰጪ ጨዋ ሰው ነው። እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ጀመረ፣ ዕድሜውን ጠየቀ፣ ቀጥሎ የቦቢ እናት ሌላ ቡችላ ትኖራት እንደሆነ ጠየቀ። ስለ ቋንቋው አንድም ቃል አልተናገረም። ይህ ሰው ተመልሶ ይመጣል።

2ኛው ደገፈኝ። ጀርመን ሼፐርድ ሲገዛ ሻጩ በአማርኛ እንዳያናግረው አስጠንቅቆት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ ለውሻው እንግሊዝኛ ይናገራል። አያቱ ሳይቀሩ ሲትዳውን በል ይሉታል። እኔ ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ በል የምትለዋ አማርኛ መሆኗን እሱ ያስተዋላት አልመሰለኝም።

3ኛው አላሳቀኝም። ውሻ ፓስፖርት እንደሌለው፣ የተበላሸው የኔ ጭንቅላት እንጂ የቦቢ ጆሮ እንዳልሆነ፣ በገዛ ቋንቋው የሚያፍር ሰው ውሻ ማሳደግ ቀርቶበት ራሱን ቢያሳድግ እንደሚሻል ጻፈ። 4ኛዋ ለኔ ተሟገተች። በ5ኛው ያው ሰው ተመልሶ እሷንም ጨመራት። እዚህ ላይ ክሩን ልዘጋው ነበር።

ያተረፈችው 6ኛዋ ናት። ሐዋሳ ትኖራለች፣ ሦስት ውሾች አሏት። ለየትኛው ቋንቋ እንደሚሻል ግድ አልነበራትም። ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለና እያንዳንዱ ለአንድ ነገር ምን እያለ እንደሚያዝ ጠየቀችኝ። ወረቀት ይዤ አንድ ቀን እንድውልና የሰማሁትን እንድጽፍ መከረችኝ።

እሑድን በወረቀት ዋልኩ። ያገኘሁትን 7ኛ መልስ አድርጌ ለጠፍኩት። እንዲቀመጥ ለማለት ብቻ፣ እኔ ተቀመጥ እላለሁ። ቤት የምታግዘን ልጅ ቁጭ በል ትላለች። ዘበኛችን በርከክ በል ይላሉ። ወንድሜ ሲት። እናቴ አረፍ በል። እንዲመጣ ሲፈለግ ደግሞ ና አለ፣ ናማ አለ፣ እስቲ ና አለ፣ ና እንጂ አለ፣ ኩቲ ኩቲ አለ፣ ፉጨት አለ። ለመከልከል ተው፣ ኖ፣ ኧረ፣ ሂድ ከዚህ፣ አንተ። እናቴ የምትጨምረው እረፍ ነው። አስቡት። አረፍ በል ስትለው ተቀመጥ ማለቷ ነው፤ እረፍ ስትለው የምታደርገውን አቁም ማለቷ ነው። እኔ ራሴ ከሌላ ክፍል ሆኜ ስሰማ አላምታታም ብዬ አልምልም።

ከዚህ በኋላ ክሩ መልክ ያዘ። 8ኛዋ ወንድ ውሻ ሞቶባት ሴት ያመጣች ናት። የአማርኛ ትዕዛዝ በጾታ እንደሚለወጥ አስታወሰችን። እሷ በልማድ ና ትላታለች፣ ልጆቿ ነይ ይሏታል፣ እንግዳ ሲመጣ ሁሉን ውሻ ወንድ ስለሚያደርግ ተቀመጥ ይላታል። ውሻዋ ዓመት ሙሉ ግራ ገብቷት ኖራለች። ምክሯ አንዱን መርጦ እንደ ስም ሳይለውጡ መያዝ ነው። 9ኛው መምህር መሆኑን ገልጾ ተቃወመ፤ ሴቲቱን ና ማለት የሰዋስው ስህተት ከመሆኑም በላይ ልጆቹን ያበላሻል ባይ ነው። 10ኛዋ ልጆቹ ትምህርት ቤት እንደሚያርሙት፣ ውሻዋ ግን ትምህርት ቤት እንደማትሄድ ነገረችው።

11ኛው ከደብረ ብርሃን ነው፤ ወሬ ያውቃል። የአያቱ ውሾች የሚያውቁት ቃል አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ጃስ ነው። ለእሱ ማንም ሥልጠና አልሰጣቸውም፣ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ስለዚህ አማርኛ ለውሻ ይሆናል ማለት ነው። በዚያው ወደ ስም ገባ። አያቱ ከጎረቤት ጋር በድንበር ሲጣሉ አዲሱን ቡችላ ታዘበው ብለው ሰየሙት። ከዚያማ በየማታው ደጃፍ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጠሩታል። ውሻው ይመጣል፣ ጎረቤትም መልእክቱን ይሰማል። ለእኔ ከክሩ ሁሉ የጣመኝ ይሄ ነው፤ ለቦቢ ግን አልጠቀመውም።

12ኛው የእንስሳት ሐኪም ነው። ረጅም ጻፈ፣ እኔም ረዘም አድርጌ ላውራው። ውሻ ከቃል ይልቅ ሰውነታችንን ነው የሚያነብ። ትከሻችን ወዴት እንደዞረ፣ እጃችን የት እንዳለ፣ ዓይናችን ምን እንደሚያይ ያውቃል። እኛ ቃሉን የሰማ ይመስለናል እንጂ እሱ እጃችንን አይቶ ጨርሷል። ይህን ለመፈተን ሁለት ነገር አዘዘኝ። አንደኛ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥ እንድለው። ሁለተኛ፣ ወንድሜ ሲት ሲል እጁን እንዳየው።

ከዚያም ስለ አምስት ጊዜው ነገረኝ። አንድን ትዕዛዝ አምስት ጊዜ የሚደጋግም ሰው ውሻውን የሚያስተምረው አራቱ እንደማይቆጠሩ ነው። አንዴ መናገር፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ መጠበቅ፣ ካልሆነ በእጅ መርዳት። ሲቀመጥ ያኔውኑ መሸለም፤ ሽልማቱ ከዘገየ ውሻው ለመቀመጡ ሳይሆን ለመነሳቱ የተሸለመ ይመስለዋል። ሥልጠናው በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ ባይበልጥ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ፣ ምግብ ሳይበላ በፊት። ቃሉ ይቅደም፣ ምልክቱ ይከተል፣ ቁራሹ ይምጣ።

13ኛው እኔ ነኝ፣ አፍሬ። ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥ አልኩት፤ ዞሮ ፊቴ መጥቶ ቆመ። ከዚያ ወንድሜን አየሁት። እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። ኪሱ ውስጥ ዳቦ ነበር። ሲት ባለ ቁጥር እጁን ከኪሱ አውጥቶ ከቦቢ አፍንጫ በላይ ከፍ ያደርጋል፤ ቦቢ ቀና ይላል፣ ቀና ሲል ቂጡ በራሱ ይወርዳል። ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ እንደዚህ ያደርግ እንደነበር አመነ። ኪሱን ባዶ አድርጎ እጁን አጣምሮ ሲት እንዲለው አደረግኩ። ቦቢ ኪሱን አሸተተና ወደ በሩ ሄደ።

3ኛው ሰው ይህን አንብቦ እስካሁን እየሳቀብኝ ሳይሆን አይቀርም። ለጊዜው ግን የጻፈው ነገር የለም።

14ኛው ቃል ራሱ ዋጋ ቢስ እንዳልሆነ ለማሳየት የቼዘርን ታሪክ አመጣ። ቼዘር በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና የነበረች፣ ቦርደር ኮሊ የሚባል ዝርያ ውሻ ናት። ጆን ፒሊ የተባሉ ጡረተኛ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር በሦስት ዓመት የ1,022 መጫወቻ ስም አስተምረዋታል፤ በስሙ ሲጠሩት ያንኑ ለይታ ታመጣ ነበር። 15ኛው የእሱ ውሻ ሥጋ የሚለውን አንድ ቃል እንደሚያውቅ፣ ለሁለቱም በቂ ሆኖ እንዳገኙት ጻፈ።

16ኛዋ የቡዳፔስቱን ጥናት ጠቀሰች። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪው አቲላ አንዲክስና ባልደረቦቹ 13 ውሾችን የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ሳይንቀሳቀሱ እንዲተኙ አሠልጥነው የአሠልጣኛቸውን ድምፅ አሰሟቸው። የምስጋና ቃል በደስታ ቅላጼ ሲነገር የአንጎላቸው የደስታ ክፍል ተነቃቃ። ቃሉ በደረቅ ድምፅ ሲነገር፣ ወይም ምስጋና ያልሆነ ተራ ቃል በደስታ ድምፅ ሲነገር፣ እንደዚያ አልሆነም። ሁለቱ መገጣጠም አለባቸው። ቋንቋው ደግሞ ሀንጋሪኛ እንደነበር ስታስታውሰኝ ሽሙጥ አላጣሁባትም።

ይሄ ነገር ግን አሳሰበኝ። በኛ ቤት ጎበዝ የሚባለው ሁለት ጊዜ ነው። ሲቀመጥ፣ እና ጫማ ሲበላ። እናቴ የተበላውን ጫማ አንስታ፣ ጎበዝ፣ በጣም ጎበዝ ትለዋለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። እኛ ሽሙጡ ይገባናል። እሱ ቃሉ አንድ፣ ድምፁ ሌላ ሆኖበት ጆሮውን ያጥፋል።

ከ17ኛው ጀምሮ ጠብ ሆነ። 17ኛው የጥበቃ ውሻ ሲያሠለጥን መኖሩን ገልጾ፣ ይህ ሁሉ ዳቦና ጎበዝ ውሻ እንደሚያባልግ፣ ጌታው ማን እንደሆነ በአርጩሜ ካልታየ ነገ ልጅ እንደሚነክስ ጻፈ። ሳሎን የሸና ውሻም አፍንጫው ሽንቱ ላይ መታሸት አለበት አለ። 18ኛዋ ለእሱም አርጩሜ ተመኘችለት። ቃላቱን አልደግማቸውም፤ አወያዩ አጥፍቷቸዋል።

19ኛው ረጋ ብሎ ገባ። ውሻ እንደ ተኩላ የመንጋ አለቃ በጉልበት ሊታየው ይገባል የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ አስረዳ። ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንክል እ.ኤ.አ. በ1947 የጻፈው በባዝል የእንስሳት ማቆያ ታጉረው ስለነበሩ ተኩላዎች ነው። የማይተዋወቁ ተኩላዎች አንድ አጥር ውስጥ ሲከተቱ ይናከሳሉ። ሌላው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሚች ግን በካናዳ ኤልስሚር ደሴት ዱር ውስጥ ያሉትን ዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1999 እንደጻፈው መንጋው አብዛኛውን ጊዜ አባት፣ እናትና ልጆች ነው። ቤተሰብ ነው እንጂ የሥልጣን ሽኩቻ አይደለም። 17ኛው ተመልሶ ተኩላ እንዳላሠለጠነ ነገረው። እውነቱን ነው።

21ኛዋ የሽንቱን ነገር ያዘች። ውሻ ጥፋቱን አውቆ ያፍራል የምንለው ፊት እኛ ስንቆጣ የሚያመጣው ፊት ነው። ተመራማሪዋ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት 14 ውሾች ተፈትነዋል፤ ምንም ያላጠፉት እንኳ ሰው ሲቆጣቸው ያንኑ የጥፋተኛ መልክ አሳይተዋል። ከሰዓታት በፊት ለተደረገ ሽንት አሁን የሚታሽ አፍንጫ የሚማረው ሰው መፍራትን ብቻ ነው። መፍትሔዋ ቀላል ነው፤ ቡችላ እንደነቃ፣ እንደበላ፣ ተጫውቶ እንዳበቃ ወደ ውጭ ማውጣት፣ እዚያው ሲሸና መሸለም። ና ብለው ጠርተው አይምቱ የምትለውንም ጨመረች። ና ሲባል መጥቶ የተመታ ውሻ ቀጥሎ ና ሲባል ቢሮጥ ሞኝ ነው።

ሽልማቱ ምን ይሁን ብዬ ጠየቅሁ። አይ መጠየቄ! ከ22 እስከ 27 ያለው ስለ ወጥ ነው። ሐኪሙ ተመልሶ የተቀቀለ ጉበት በጥፍር ቁመት እየቆረጥኩ እንድሰጠው መከረኝና ሽንኩርት የገባበትን ነገር ከለከለኝ። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብም አይሆኑም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። 24ኛው ተቆጣ፤ የአያት ቅድመ አያቶቹ ውሾች የዶሮ ወጥ አጥንት እየበሉ እንዳረጁ፣ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ካለ እንዲያሳዩት ጠየቀ። 25ኛዋ የሞቱትን ማንም አልቆጠራቸውም ስትል መለሰች። 26ኛው ወደ ጾም ወሰደው፤ ሁዳዴ ሲገባ ግቢው ውስጥ ሥጋ ስለማይገባ ውሻው ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮ ፍትፍት ይጾማል። ለሁለት ቀን ያህል ስለ ሥልጠና ያነሳ አልነበረም።

28ኛዋ ስትጽፍ ሁሉም ዝም አለ። ዱባይ ሰው ቤት አራት ዓመት ሠርታለች። ቤቱ አንዲት ነጭ ትንሽ ውሻ ነበረችው። ማዳሟ የትዕዛዞቹን ዝርዝር በእንግሊዝኛ ጽፋ ፍሪጅ ላይ ለጠፈችላት። ቀኑን ሙሉ ግን ቤት የሚውሉት እሷና ውሻዋ ብቻ ናቸው። ከማን ጋር ታውራ? በአማርኛ አወራቻት። ነይ እናቴ እያለች ጠራቻት፣ እምቢ ስትል ተቆጣቻት፣ የሀገሯንም ወሬ ነገረቻት። ለእረፍት አገር ቤት ስትመጣ ማዳሟ በሦስተኛው ቀን ደወለች፤ ውሻዋ ብትጠራ አትመጣም፣ ምግብ ብትሰጥ አትበላም። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ውሻዋ ጆሮ አጠገብ እንድታደርገው ነገረቻት። ነይ እናቴ፣ ብይ ስትላት ስልኩ ውስጥ የሳህኑ ድምፅ ተሰማ። ማዳሟ ቃሉን በአረብኛ ፊደል ጽፋ ያዘችው።

29ኛዋ ከቨርጂኒያ ናት። እናቷ ለጉብኝት መጥተው ውሻ ያለበት አፓርታማ አላድርም ብለው ሁለት ሳምንት እንዳኮረፉ፣ አሁን ዳዊት ሲደግሙ ውሻው እግራቸው ሥር እንደሚተኛ ጻፈች። ግን እንዳይነካቸው ነጠላቸውን ይሰበስባሉ።

ከ30 እስከ 34 ስለ ጩኸት ነው። አንዱ ጎረቤቱ ቀን በሰንሰለት አስሮ ሌሊት የሚለቀው ውሻ እንቅልፍ ነሳኝ ይላል። አንዱ ያ ጩኸት ጅብ እንዳይገባ እንደሆነ ይመልሳል። በሦስተኛው መልስ የሁለቱም ሠፈር አንድ መሆኑ ታወቀ። በአራተኛው ጎረቤታሞች ናቸው። አወያዩ በግል እንዲነጋገሩ ለመናቸው።

35ኛዋ ልጇ በማያውቁት የመንገድ ውሻ ተነክሶ ባህላዊ መድኃኒት ስትፈልግ ሁለት ቀን እንዳባከነች ጻፈች። ልጁ ደህና ነው። ሐኪሙ በ36ኛው ቆጣ ብሎ መለሰ፤ በክሩ ውስጥ ሲቆጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ቦቢ ተከትቦ እንደሆነም ጠየቀኝ። አልተከተበም ነበር። ከሦስት ወሩ ጀምሮ መከተብ ነበረበት። ማክሰኞ ወሰድኩት።

37ኛው የመጀመሪያው ሰውዬ ነው። ቡችላ ይኖር እንደሆነ በድጋሚ ይጠይቃል።

38ኛው የኔ ሪፖርት ነው። ፍሪጅ ላይ አራት ቃል ለጠፍኩ። ና፣ ቁጭ፣ ቆይ፣ ተው። በል የለ፣ እስቲ የለ፣ ኖ የለ። ዘበኛችን በርከክን ሲተው ከፋቸው፣ ግን ተስማሙ። በሳምንቱ ቁጭን ያዘ፤ ጀርባ ሰጥቼውም ከአሥር ሰባት ስምንቴ ይቀመጣል። እንግዳ ላይ መዝለሉን ሁላችንም ጀርባ እየሰጠነው ቀነሰ፤ ነጠላ የለበሰ ሰው ሲመጣ ግን አሁንም ይረሳዋል። ያልሠራው ቆይ ነው። ቆይ ስለው ይቀመጣል።

39ኛዋ የሐዋሳዋ ናት። ቁጭና ቆይ ሁለቱም በቀ ስለሚጀምሩ ለእሱ ጅማሬያቸው አንድ ነው አለች፤ ቃሉ ሳያልቅ ቂጡ ወርዷል። ጠብቅ በሚለው ቀየርኩት። በሦስት ቀን ገባው። እንዴት አላሰብኩትም?

40ኛው እናቴስ ዝርዝሩን ትከተል እንደሆነ ጠየቀ። አትከተልም። እናቴ ቡና ልታፈላ ስትቀመጥ፣ አንተ ልጅ፣ እስቲ ዛሬ እንኳን አርፈህ እዚህ ጋ ጋደም በል ትለዋለች። አንድም የተለጠፈ ቃል የለበትም። ቦቢ ረከቦቱ አጠገብ ይጋደማል፣ አገጩን መዳፉ ላይ ያደርጋል፣ እስከ በረካ አይነቃነቅም። እጇን አየሁ። ባዶ ነው። ኪስ የላትም። ይህንን እንቆቅልሽ ነው ብዬ ለጠፍኩት።

41ኛው ሐኪሙ ነው። ቡናው ሲፈላ ወለሉ ላይ ምን እንደሚወድቅ እንዳይ ብቻ ጻፈልኝ። ሄጄ አየሁ። ፈንዲሻ።